የእትዬ ስንዱ እግሮች

«ድካምህን ለእኔ ያድርገው» ማለት ምርቃት ብቻ መሆኑ ከቀረ አምስት ዓመቱ ነው፤ አሁን ቀበሌ ሄደው ከፈረሙ የአንዱ ድካም እውነትም ወደ ሌላው ይሄዳል። አስቻለውን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ እትዬ ስንዱም ፈርማለታለች።

አስቻለው የተመዘገበበት የማታ የጎዳና ሩጫ አምስት ኪሎ ሜትር ነበር የተባለው። መብራት ጠፋ፤ መንገድ መሪው ራሱ ጠፋ፤ ሕዝቡም አንዱን አደባባይ ሲዞር አመሸ።

«ኧረ ይሄ ስንተኛ ዙራችን ነው?» አለ አንዱ።

«ምን አስጨነቀህ? እኛን እንደሁ አይደክመን!» አለ አስቻለው እየጨፈረ።

ቤት ሲገባ እትዬ ስንዱ እግሯን ጨው ውኃ ውስጥ ነክራ ወንበሯ ላይ ተዝለፍልፋለች።

«ስንተኛ ወጣህ፣ የእኔ ጌታ?»

አስቻለው ጫማውን አወለቀ። ዕረፍቱ እንኳ ይድረሳት ብሎ ተጋደመ። እንቅልፍ ግን እንቢ አለው፤ አልደከመውማ።