የድቡ ባለቤት

መምህርት ቀለምወርቅ ጅጅጋ ውስጥ በሪድዋን ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተደግፋ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ድብ ዓይኗን መንቀል አቃታት። በእጅ የተሰፋ፣ የማር መልክ ያለው፣ አንድ ጆሮው ዘንበል ያለ አሻንጉሊት ነበር። ባሕር ማዶ ያለችው ሰሪ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ብቻ ነው የምትሰፋው። ቀለምወርቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዎቿን በስልኳ ስትከታተል፣ መግዣ መንገድ አጥታ ሁሉንም ሌሎች ቀድመዋት ገዟቸው። ዛሬ ግን ዱባይ የሚመላለሰው ነጋዴ ሪድዋን በራሱ የውጭ ባንክ ካርድ ሊያዝላት እሺ ብሏል።

"ቲቸር፣ ሰሪዋ መልእክት ልካለች" አላት። "እግሩ ላይ የባለቤቱን ስም ትጠልፋለች። ልጅዎ ማን ትባላለች?"

"የእህቴ ልጅ ናት..." ብላ ጀመረች። እንዲህ ያለ ነገር ባማራት ቁጥር የምትለው ይህንኑ ነበር። ስድስት ታናናሾቿን አዝላ ያሳደገች ሴት አሻንጉሊት አማረኝ ማለት አፍራ ኖራለች።

"የለም፣ የእኔ ነው" አለች ድንገት። "ቀለምወርቅ በላት።"

ሪድዋን አልሳቀም። "እንግዲያው በአማርኛ ይጻፉትና ፎቶ አንስተን እንላክላት። እያየች ትጠልፈዋለች።"

አንደኛ ክፍል ለገባ ልጅ እንደምትጽፈው፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አተልቃ ጻፈች። ወረቀቱንም ከማቀበሏ በፊት ስሟን እያየች ትንሽ ይዛው ቆየች።