ዳማው ምስክር

ትርፊት ፈረስ ገዛች ሲባል ሰፈሩ ጉድ አለ።

ለምን አይል? ባሏን ተገኘን የገደለው የፈረስ ጋሪ ነው። ዓምና ከሌሞ ወደ ሆሳዕና በሚያስገባው መንገድ ላይ ገጭቶት ሳይቆም ከነፈ። ያየችው አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም የነጂውን ፊት አልለየችም። «ፈረሱ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ነጭ» አለች፤ በቃ።

በዚያ ሰሞን ግንባሩ ነጭ የሆነ ዳማ ሲነዳ የሚታየው ወልደ ሰንበት ነበር። ታሰረ፤ ማስረጃ የለም ተብሎ ተፈታ። ሰው ግን አልፈታውም። መውጫ መግቢያ ሲያሳጡት ፈረሱን አዲሎ ወስዶ ሸጠው። ይሄኔ ያልጠረጠረውም ጠረጠረ።

በቁጭት ከሁሉ የባሰው የተገኘ ታላቅ ወንድም ሲላስ ነው። ሲላስ ፈረስ ሲገዛ ሲሸጥ፣ ጋሪ ሲያከራይ የሚውል ሰው ነው። በለቅሶው ላይ ደረቱን እየደቃ፣ «ወንድሜ፣ ደምህ ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም!» ሲል ያላለቀሰ አልነበረም።

እና ትርፊት ግንባሩ ነጭ የሆነ ዳማ እየሳበች መጣች።

«የተገኘን ገዳይ ፈረስ አዲሎ ገበያ አገኘሁት፤» አለች።

ወልደ ሰንበት «ኧረ ይሄ የኔ አይደለም!» ቢል ማን ይስማው። ሲላስ ተጠራ። ፈረሱን ዞረው፣ ኮቴውን አነሳ፣ ጥርሱን ገልጦ አየ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እሱው ነው። ልጆቼን ይንሳኝ፣ እሱው ነው!»

«እርስዎ ካሉማ አለቀ፣ ጋሼ፤» አለች ትርፊት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ፈገግ ስትል የታየችው ያን ቀን ነው።

ሰው ፈረሱን ትገድለዋለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ከማግስቱ ጀምሮ መንከባከብ ያዘች። ጠዋት ጠዋት የተገኘን ቡናማ ኮት ትደርባለች፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ለመስቀል ከአንድ ጨርቅ አንድ አንድ ያሰፉት ኮት ነው። ፋንድያውን ትጠርጋለች፣ ጋማውን ታበጥራለች፣ ኮቴው ውስጥ የገባውን ጠጠር ትፈለቅቃለች፣ ገብስና ፉርሽካ ታቀርብለታለች። ከዚያ ሜዳ ወስዳ ትለቀዋለች። ሮጦ ሲመለስ ከኮቷ ኪስ ጨው ታልሰዋለች። ዝናብ ሆነ ጭቃ፣ አንድ ቀን አልዘለለችም። ሌላ ሰው እንዲነካውም አትፈቅድም።

«ኮቱን ለብሳ ባሏን ታስታውሳለች፣ ምስኪን፤» አሉ ጎረቤቶች።

«ምን ምስኪን! ወልደ ሰንበትን በርግጫ ልታስደፋው ነው የምታሠለጥነው፤» አሉ ሌሎች። ወልደ ሰንበት ይህን ሰምቶ በሰፈሯ ማለፍ ተወ።

ትርፊት ለሁሉም መልሷ አንድ ነበር። «ባሌን መንገድ ላይ ጥሎ የሄደ ሰው ሰላም አያድርም። እኔ እያለሁ አያድርም!»

በሁለተኛው ወር ሽማግሌው አቶ አበራ ዘንድ ሄደች። «ሰው ሰብስቡልኝ። ፈረሱ ይለቀቅ፤ ጌታውን ራሱ ያወጣዋል፤» አለች።

ወልደ ሰንበት እያመነታ ተስማማ። ሲላስማ ሳቀ። «ይለቀቅ እንጂ!»

«ጋሼ፣ የወንድምዎ ጉዳይ ነው፤» አለችው ትርፊት። «ያን የመስቀል ኮትዎን ለብሰው ይምጡ።»

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሰዉ ሜዳው ላይ ክብ ሠርቶ ቆመ። ትርፊት የባሏን ኮት ትታ ጥቁር ነጠላ ብቻ ለብሳ ልጓሙን ፈታች።

ፈረሱ በቀጥታ ወደ ወልደ ሰንበት ሮጠ። ወልደ ሰንበት ዓይኑን ጨፈነ።

አለፈው። ሲላስ ፊት ሲደርስ ቆመና አፍንጫውን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ሲላስ ገፋው፤ ተመለሰ። በጥፊ መታው፤ ተመለሰ።

«ጌታውን አወቀ!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

አቶ አበራ በዱላቸው ተደግፈው ቀረቡ። «ሲላስ፣ ተገኘን የገደለው ይሄ ፈረስ ነው ብለህ በልጆችህ የማልከው አንተ ነህ።»

ሲላስ ዙሪያውን አየ። ላብ አጠመቀው።

«ይሄ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። «ያኛውን እኮ ዱራሜ ወስጄ ሸጬዋለሁ!»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ፤ በሐሰት ሲምሉ ነው ያወቅሁት፤» አለች ትርፊት። «ይሄ ማንንም ገጭቶ አያውቅም።»