በድሮው በር በኩል

ውሃው የምድር ቤቱን የመጨረሻ ደረጃ ሲውጥ ቧንቧ ሠራተኛዋ መዶሻዋን እንደያዘች ዓይኗን ከግድግዳ ግድግዳ ታንከራትታለች። አራት ግድግዳ፣ አራቱም ልስን፣ አራቱም ነጭ። የውሃው መዝጊያ ከአንዱ ልስን ሥር አለ፤ ከነነፍሱ የቀበሩት ቀለም ቀቢዎች ናቸው፣ እጃቸው ይሰበርና!

«እስከ ስድስት ሰዓት ካልተዘጋ ወረቀቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው» አለ የማተሚያ ቤቱ ዕቃ ቤት ኃላፊ፣ የወረቀት ጥቅሎቹን በስስት እያየ። «ከዚያ በኋላ ማፍረሻ መኪና ነው የማስመጣው። አንቺንም ሁለተኛ አልጠራሽም፤ አልዋሽሽም።»

አባቷን ይዛ የመጣችው ቢጨንቃት ነው። ይህን ቧንቧ ከአርባ ዓመት በፊት የዘረጉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ግን ቁርስ መብላታቸውን እንኳ አያስታውሱም። ይባስ ብሎ ከወር ወዲህ የገዛ ልጃቸውን አንቱ ይሏት ጀምረዋል፤ የምታጥባቸው፣ የምታበላቸው፣ ደግ የሰው ሰው መስላቸዋለች። አንጀቷን የሚበላት ይኼ ነው። ወረቀቱማ የራሱ ጉዳይ።

«አባዬ፣ መዝጊያውን የት ጋ ነበር ያደረጉት?»

አባቷ ደረጃው ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩ። «እኔ እኮ እዚህ ቤት ገብቼ አላውቅም፣ እመቤቴ።»

«በይ እንግዲህ፣ አለቀልን!» አለ ኃላፊው።

እሷ ግን የቆሙበትን ደረጃ አየችው። ሲሚንቶው ከቤቱ ይልቅ አዲስ ነው። «ድሮ በየት በኩል ነበር የሚገባው?» ስትል ኃላፊውን ጠየቀችው።

«በጓሮ ነዋ፤ ያው እዚያ ማዶ። ከተደፈነ ስንት ዘመኑ!»

የአባቷን ክንድ ይዛ፣ ቁርጭምጭሚት የደረሰውን ውሃ አቋርጣ፣ ከተደፈነው በር ሥር አቆመቻቸው፤ ጀርባቸውን ለግድግዳው፣ ፊታቸውን ወደ ውስጥ። «አሁን ይግቡ፣ አባዬ።»

አባቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ ትከሻቸው ላላ አለ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው የሌለ የዕቃ ሳጥን አነሳና ክብደቱ ወደ ጎን አዘነበላቸው። የድሮውን ዝቅተኛ በር ጎንበስ ብለው አለፉት፤ እርምጃቸውም የጎበዝ እርምጃ ሆነ። አምፖሉ የደበዘዘ፣ የውሃው ድምፅ የራቀ፣ ቤቱም ሁሉ ቀስ እያለ ወደ እሳቸው ዘመን የሚንሳፈፍ መሰላት።

«ይሄ ምሰሶ ክርኔን ሲልጠኝ ነው የኖረው» አሉ፣ ምንም የሌለበትን ቦታ ጠምዘዝ ብለው እያለፉ። «እዚህ ጋ ነፋስ አለ፤ መስኮቱ ነው። እዚህ ደግሞ ያ ባልደረባዬ ሲጋራውን ይደብቃል፣ ሌባ!» ብለው ሳቁ። ኃላፊውም ሳያስበው አብሯቸው ሳቀ።

በስተግራ ካለው ግድግዳ ሲደርሱ ቆሙ። መዳፋቸውን ከጉልበታቸው ትንሽ ከፍ አድርገው ልስኑ ላይ ለጠፉ። «ይኸውልዎት።»

መዶሻዋን አነሳች።

«ቆይ! ኧረ ቆይ!» ክንዷን ያዙት። «ልጄ ተኝታለች እኮ።»

«የት?»

«እዚሁ፣ ግድግዳው ሥር። እናቷ ታማብኝ ይዣት መጣሁ። ፋኖስ እይዝልሃለሁ ብላ ስትፎክር ቆይታ፣ ይኸው አሸለባት። አንድ ፍሬ ልጅ አይደለች? ከነቃች ደግሞ ወሬዋ አያሠራንም።» ፊታቸው በራ። «በመዶሻ ድምፅ እንዳትደነግጥብኝ፤ ነፍሴ ናት።»

ቧንቧ ሠራተኛዋ እዚህ የተኛችበትን ያን ቀን ጨርሶ አታስታውሰውም። ግድግዳው ሥር ያለው ውሃ ብቻ ነው። እንባዋ ግን አልቆም አላት። መዶሻውን ለኃላፊው አቀበለችው።

«ለእኔ ይስጡኝ፣ እኔ ልያዛት» አለች።

አባቷ ጎንበስ ብለው ባዶውን አየር በሁለት እጃቸው አነሱ፤ እንዳይበርዳት ልብሷን ሰብሰብ እያደረጉ። ወደ እሷም ዘረጉት። «ራሷን ደገፍ ያድርጉልኝ፣ እመቤቴ። አደራዎትን።»

ክርኗን አጥፋ ተቀበለች።

ኃላፊው ግድግዳውን መታው። ልስኑ ተዘረገፈና የዛገ መዘውር ብቅ አለ። እያቃሰተ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር አዞረው። ውሃው ጸጥ አለ።

«ተገኘ! ተዘጋ እኮ!» ብሎ ጮኸ።

አባቷ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ተቆጡት። እሷም ክንዶቿን ሳታወርድ፣ ቀስ እያለች ወዲያ ወዲህ እሹሩሩ ትል ጀመር።