ባቄላው ገና ነው

ከድሬዳዋ ጎንደር በአውሮፕላን ዘጠኝ ደቂቃ ከሆነ ወዲህ የሐዘን ፈቃድም አብሮ አጥሯል። ሕጉ ለሐዘንተኛ የሚሰጠው የደርሶ መልሱን በረራና አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

የፋብሪካ ሠራተኛዋ ውዴ የአባቷን መርዶ ስትሰማ ለምሳ ባቄላ ጥዳ ነበር። "እሳቱን እይልኝ" ብላ ለባሏ ለግዛቸው አደራ ሰጥታ፣ ጥቁር ነጠላዋን ደርባ በረረች።

ስትደርስ አስከሬኑ ከቤት እየወጣ ነበር። ደረቷን እየደቃች እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኘችው። እዚያ ላይ የእጅ ሰዓቷ ጮኸ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት።

እናቷ ነጠላዋን ጨምድደው ያዙ። "አፈር ሳይለብስ ወዴት ነው?"

"ለከሰዓት ፈረቃ ካልደረስኩ ያባርሩኛል፣ እማዬ።"

"ምነው በአውቶቡስ በመጣሽ! ያኔ ሁለት ቀን ተንገላቶ የመጣ ሰው ሰልስት ሳያወጣ አይመለስም ነበር" አሉና ነጠላውን ለቀቁላት።

ቤቷ ስትገባ ግዛቸው ማማሰያውን እንደያዘ ደነገጠ። "ምነው፣ በረራው ተሰረዘ እንዴ?"

ውዴ ክዳኑን ከፍታ አንዲት ፍሬ ቀመሰች።

"ገና እኮ ነው፣ አልበሰለም" አላት።

እሷ ግን በጭልፋ ጨልፋ ሳህን ላይ ገለበጠችና መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ የአባቷን ንፍሮ ከነጥሬው ትቆረጥም ጀመር።