በግራ እጅ የተጻፈ

የልጅ ልጄ ጁሙር የሩዝ ፈንዲሻውን ቆርቆሮ ምንጣፉ ላይ ገለበጠችው። የተጣጠፉ ወረቀቶች ተዘረገፉ። አሥራ አንድ እንግዳ፣ አሥራ ሁለት ወረቀት፤ ማንም አልቆጠረም። ለእኔ ወረቀት የሰጠኝ አልነበረም፣ ሻይ ሳዞር አንዱን አንስቼ ነው የጻፍኩት። የእኔ የቱ እንደሆነ ከአጠፋፉ አውቀዋለሁ፤ ሐኪም ቤት ዱቄት መድኃኒት እንደሚጠቀልሉት አድርጌዋለሁ። ግራ እጄን ከሳሪዬ ጫፍ ስር ከተትኩ።

«በቀኙ የጻፈ አለ?» አለች ጁሙር።

«የእኔን ማንበብ ከቻልሽ ሽልማት ይገባሻል» አለ ራፍሳን። ኮምፒውተሩን ታቅፎ የተቀመጠው እሱ ነው፤ ፊልሙን የሚቆራርጥላት የክፍል ጓደኛዋ። «ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።»

የግራ እጁን ሕግ ያወጣችው ራሷ ጁሙር ናት። ባለፈው ወር ትሬለሩን፣ ያቺን ለፊልሟ ማስታወቂያ የሠራቻትን ሁለት ደቂቃ፣ አሳይታቸው ሁሉም «በጣም ያምራል እህቴ» ብለው ጽፈው ሄዱ። «የእጅ ጽሑፋቸውን ስለምለየው ፈርተውኝ ነው» አለች። እናም ዛሬ ሁሉም በግራው ጻፈ። እኔ ያሳደግኋት በግራ እጇ ለሰው ጨው እንኳ እንዳታቀብል አድርጌ ነበር።

ነገ ትሬለሩ ከዚህ ከኹልና ወደ ዳካ ይላካል። ከወደዱት የፊልም ትምህርት ቤቱ ይወስዳታል። ዳካ፣ አውቶቡሱ ሰው ጨፍልቆ ወደሚያልፍበት፣ ትንኙ ወደሚገድልበት፣ ፎቅ ሲቃጠል በሩ ተቆልፎ ወደሚገኝበት። እናቷን በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ቀብሬያታለሁ። ይቺን አልሰጥም። ስለ ፊልም የማውቀው ነገር የለም፤ ጁሙርን ግን አውቃታለሁ። የቱ ጋ ቢነኳት እንደምትሰበር አውቃለሁ።

አንድ በአንድ አነበበች። «ሙዚቃው ይጮኻል።» «መጀመሪያው ላይ የራፍሳን ጣት ይታያል።» «ብስኩቱ የአምና ነው።» ተሳሳቁ። «ደስ ይላል፣ ግን መጨረሻው ላይ የሆነ ነገር ከበደኝ።» እሱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ከዚያ የእኔን ፈታች።

«የሟቿ ድምፅ ያስጠላል። እሷ ስትስል መስማት የሚፈልግ ማን ነው? ልጅቷ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረችም።»

መስኮቱ ላይ ከሰቀልነው ብርድ ልብስ ወዲያ የሪክሾ ብስክሌት ደወል አለፈ። ይኸው ተሰበረች፣ አልኩ በልቤ። አሁን ታለቅሳለች፤ ከዚያ እቅፍ አደርጋታለሁ፤ ሩዝ በዓሣ አበላታለሁ፤ ነገ አትልክም።

አላለቀሰችም። ወረቀቱን ወደ ፕሮጀክተሩ ብርሃን አስጠጋችና እንደገና በዓይኗ ሄደችበት።

«እውነቱን የነገረኝ ይሄ ሰው ብቻ ነው» አለች።

ሟቿ ሸፋሊ ናት፣ ልጄ። የጆንያ ፋብሪካው ብናኝ ሳንባዋን ከጨረሰው በኋላ ጁሙር አልጋዋ ላይ በስልክ ቀርጻት ነበር። ትሬለሩ የሚያልቀው በእሷ ነው። ሦስት ጊዜ ትስላለች፤ ከዚያ እኔ ወዳለሁበት ወደ ማድቤቱ ዞራ «እማ፣ ልጅቷ በላች?» ትላለች። ከእሷ የቀረን ድምፅ ያ ብቻ ነው።

«ልንገርሽ?» አለች ሞውሚታ የምትባለው መነጽሯን እየወለወለች። «እኔም እዚያ ጋ ሲደርስ አንገቴን ነው የምደፋው። ፈርቼሽ ነው እስካሁን።»

«እኔማ ስቆርጠው ሁሌም ድምፁን አጠፋዋለሁ» አለ ራፍሳን።

«እኛ ምሳ በልተን ነው የመጣነው፣ እዘኚልን እንጂ» አለ በሩ ጋ የተቀመጠው፣ እና ሳለ። ልክ እንደ እሷ፣ ከሆዱ፣ ሦስት ጊዜ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጁሙርን አየኋት። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነው የሳቀችው፤ ከዚያ እሷም እንደነሱ አፏን ከፍታ ሳቀች።

«የእናትሽ ድምፅ ነው» አልኩ። «ተዪው።»

«ናኒ» አለችኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ «አንቺ እኮ እናቷ ነሽ። ተመልካች አይደለሽም።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ብላቸው ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ድምፁም ይተርፋል። ጁሙር ግን ዳግመኛ ከእጄ ውሃ አትጠጣም። የሻይ ስኒዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ፣ በቀኝ እጄ ብቻ።

«አይዘኑ ናኒ» አለ ራፍሳን። «የልጅዎን ፊት አንነካውም፤ ድምፁን ብቻ ነው።»

«ከትልቁ ፊልምም አውጣው» አለች ጁሙር። «አሁን ሳስበው እኔንም ያስጠላኛል።» ወረቀቱን በነበረበት አጠፋፍ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «የጻፈውን ባውቀው ግራ እጁን እስምለት ነበር።»

ራፍሳን ቁልፎቹን ነካካ። ደቂቃም አልፈጀበት። በሳሉና በጥያቄዋ ቦታ ዋሽንት አስገባና ግድግዳው ላይ የወጠርነው አንሶላ ላይ አሳያቸው። ሲያልቅ አጨበጨቡ፤ ሞውሚታ ተነስታ አቀፈቻት። «በቃ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ» አለቻት።

«አንዴ ድገመው» አለች ጁሙር።

ደገመው። ሸፋሊ ግድግዳውን በሞላ ፊት፣ በዋሽንቱ ውስጥ፣ ወደ ማድቤቱ ዞረች። ከንፈሯ ያንኑ ጥያቄ ያለ ድምፅ ሊጠይቀኝ ተላቀቀ፣ ገጠመ፣ እንደገና ተላቀቀ።

ጁሙር ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።