ሳሊም ያወጣቸው ቱቦዎች

በ1975 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ ላይ የመኪና ነገር ሲነሣ የሚጠራው ሳሊም ነበር። ጋራዡ አራት ቋሚ፣ የቆርቆሮ ክዳንና የጣውላ አጥር ብቻ ነው፤ ቢሆንም ከስማዳም ከጋይንትም የሚበላሽ ሞተር ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። ሳሊም ከነካውማ በቃ፣ ዳነ ይሉ ነበር።

የከብት ክትባት መኪና የመጣችለት ጥቅምት ላይ ነው። አሮጌ ጃፓን ሠራሽ ናት፤ አራቱም ጎማዋ ይጎትታል፣ ጭቃና ድንጋይ አትፈራም። ክፋቷ ግን ገና ስትቆም ሞተሯ ይጠፋል። ሳሊም ኮፈኑን ከፍቶ ሳቀ። ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተር ላይ ቀጫጭን የጎማ ቱቦ እንደ ሐረግ ተጠምጥሞበታል።

"ይኼ ሁሉ ምን ይሠራል?" አሉ ሾፌሩ ጋሼ ጥጋቡ።

"ጭስ ያጣራል፣ ጋሼ። ሞተሩ አየር ሲስብ በነዚህ ውስጥ እያዞረ ነው። አሁን ተሰነጣጥቀው ያለቦታው አየር ያስገባሉ። ደግሞስ በወገዳ መንገድ ላይ ጭስ ማን ይቆጥራል? ላውጣው?"

"አንተ ታውቃለህ።"

አወጣው። ለፍሬኑና ለፊት ጎማዎቹ የሚያስፈልጉትን ብቻ ትቶ የቀረውን ቀዳዳ ሁሉ ደፈነ። አሥራ ዘጠኝ ቱቦ በጆንያ ከተተ። ሞተሩ ሲነሣ ሳይንተፋተፍ ቀጥ ብሎ ሠራ። ጋሼ ጥጋቡ ውኃውን ለማየት የጋለውን የራዲያተር ክዳን ያዙ። ሳሊም ጨርቅ ሊያቀብላቸው ዞር ሲል እሳቸው በባዶ እጃቸው ከፍተው ጨርሰዋል። የድሮ ሾፌር እኮ ሌላ ነው ብሎ አደነቃቸው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ወሬ መጣ። መኪናዋ ትዘላለች አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ካሣሁን እስከ ወገዳ ተሳፍሮባት ነበርና ጋራዡ ድረስ መጥቶ ተቆጣ።

"ምን አረግሃት አንተ? ስትነሣ እንደ ደነበረች በቅሎ ነው! ጋሼ ጥጋቡ እንኳ ግራ ቢገባቸው እግራቸው ሥር ቁልቁል እያዩ ነው የሚነዱት።"

ሳሊም ራሱ ነዳት። ምንም የላትም። "ይኸው፣ ደህና ናት" አለ።

"ሜዳ ላይማ ምን ትሆናለች! ዳገቱን ጭነህ ውጣበትና ንገረኝ" አለ ካሣሁን። በአካባቢው የቆመው ሰው ሳቀ። ሳሊም አብሮ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ፊቱ እሳት ሆነ።

ከዚያ መኪናዋ ወገዳ ገበያ መሀል ዘለለችና ብርቄ የምትባል ሽንኩርት ሻጭ ገጨች። የሴትዮዋ እግር ተሰበረ።

በተከታዩ ሳምንት ቀበሌው የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ጠራ። ብርቄንም በቃሬዛ አምጥተው ከፊት አስቀመጧት።

"ጓድ ሳሊም የመንግሥት መኪና ዕቃ አውጥቷል" አለ ካሣሁን። "አላዋቂነት ነው ወይስ አሻጥር? እሱ ራሱ ይንገረን።"

አሻጥር ከተባለ ወህኒ ነው፤ ያንን የማያውቅ በአዳራሹ አልነበረም። ሳሊም ግን ከወህኒው ይልቅ የብርቄን ዓይን ፈራ። አንገቱን ደፍቶ ተነሣ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። አውቃለሁ ብዬ ነው። ሠሪዎቹ ያለምክንያት እንዳላስገቡት ማሰብ ነበረብኝ። አፈርኩ፤ ሌላ የምለው የለኝም።"

ብርቄ ብትረግመው ይሻለው ነበር። እሷ ግን "አይዞህ ወንድሜ፣ አውቀህ አይደል" አለችው።

ጋሼ ጥጋቡም ተጠየቁ። "ልጁ ክፉ አይደለም" አሉ። "ግን ሠላሳ ዓመት ስነዳ ሰው ገጭቼ አላውቅም። ይቺ እግሬን ገና ሳላሳርፍባት ትበራለች፤ ምን ላድርግ?"

ፍርዱ አጭር ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቱቦዎቹን በነበሩበት ይመልስ፤ መኪናዋ ካልተስተካከለች ግን ታስሮ ደብረ ታቦር ይሂድ።

ያ ሳምንት ለሳሊም ዓመት ነበር። ሚስቱ ሩቅያ ገበያ መውጣት ተወች፤ እሷን ሲያዩ ወሬ የሚያቋርጡት በዙ። እሱም ጁምዓ ከሁሉም ኋላ ሰግዶ ሰው ሳያናግረው ሹልክ ይል ጀመር። ቀን ቀን ግን ኮፈኑ ሥር ተደፍቶ ይውላል። የተሰነጠቀውን ቱቦ ከአሮጌ የፀረ ተባይ መርጫ በቆረጠው ጎማ እየለወጠ፣ አሥራ ዘጠኙንም በቦታቸው መለሰ። አንድም አልቀረ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ጥጋቡ መጡ።

"ይሞክሯት እስቲ ጋሼ" አለ።

ገቡ፣ አስነሡ። መኪናዋ አጓርታ ወደፊት ተወረወረችና የጋራዡን የጣውላ አጥር ገንድሳ ቆመች።

ሳሊም ባለበት መሬት ላይ ተቀመጠ። "ያ አላህ! እንግዲህ ምን ቀረኝ?" አለ። ደብረ ታቦርን አሰበ፤ የብርቄን "አይዞህ" አሰበ፤ እንባው መጣ።

ጋሼ ጥጋቡ ወርደው በተሰባበረው ጣውላ ላይ እየተራመዱ ወደ እሱ መጡ። በቀኝ እግራቸው በረገጡ ቁጥር ቋ፣ ቋ ይላል። የአጥሩ ስባሪ ከጫማቸው ሥር ተጣብቆ አብሮ ይመጣል።

"ጋሼ፣ ጣውላ ይዞዎታል።"

"ተወው እባክህ! እሷን ተመልከት፣ አልዳነችም እኮ!"

ሳሊም እንባውን ጠርጎ ጎንበስ አለና ጣውላውን ሳበ፤ አልመጣለትም። በሁለት እጁ ጨብጦ መነጨቀው። የጣት ርዝመት ያለው ምስማር ከነደሙ ከጫማው ውስጥ ወጣ። ሳሊም ደንግጦ ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ፤ ምንም የተሰማቸው አይመስሉም።

ጋሼ ጥጋቡ ዓይናቸውን ከመኪናዋ ሳይነቅሉ፣ "በል ንገረኝ፣ የትኛውን ቱቦ ረሳህ?" አሉት።