የዱዌይን የልደት ፖስታ

«ያቺ ዳርሊን እኮ አባቷ ለአካል ጉዳተኛ ወንድሟ ብሎ በአደራ የተወላትን ገንዘብ ይዛ፣ በእጁ አንዲት ዶላር አታስጨብጠውም!» አለቻት ጎረቤቷ ለቬልማ፣ በአጥር በኩል። ዳርሊንና ወንድሟ ዱዌይን የቬልማ ሟች ወንድም ልጆች ናቸውና ነገሩ ቬልማ ሆድ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

በዱዌይን ልደት ኬኩ ሲቆረስ፣ ቬልማ ከቦርሳዋ ወፈር ያለ ፖስታ መዘዝ አድርጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበሩ ጠጋ አለች። «እንካ የኔ ጌታ፣ እንደ ልብህ አጥፋው!» ከማለቷ ዳርሊን ፖስታውን ለቀም!

«በእጁ አይሆንም አክስቴ፣ እኔ አባባ በከፈተለት የአደራ ሒሳብ ውስጥ ላስገባለት።»

«አሃ! የኔንም ልትውጪው ነው?»

ዘመዱ ሁሉ ኬኩን ትቶ የዳርሊንን አዲስ ጫማ ማየት ጀመረ። «የሚፈልገውን ከአደራው እየከፈልኩ እኔው እገዛለታለሁ እኮ» ብትልም ማን ሰምቷት! «ሌባም እንዲሁ ነው የሚለው» አለች ቬልማ።

ይሄኔ እንደ ዱዌይን በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄደው ጓደኛው ሮንዳ ሹካዋን አስቀመጠች።

«እኔንም አክስቴ እንዲህ ወዳኝ ጥሬ ገንዘብ አስጨበጠችኝ። መንግሥት በአደራ የተቀመጠውን አይቆጥርም፤ በእጄ ያለውን ግን አይቶ ‹ገንዘብ አላት› ብሎ እርዳታዬን ቆረጠብኝ፣ ገላዬን የምታጥበኝንም ሴትዮ አስቀረብኝ። አክስቴ ግን ልታጥበኝ አንድ ቀን አልመጣችም። እትዬ ቬልማ፣ እርስዎስ ዱዌይንን ለማጠብ በስንት ሰዓት ይመጣሉ?»